ግጥሙን በማት የሸፈንኩ ጊዜ

ዲሲ አካባቢ ፍሬም ቤት ነው የምሰራው፣ ስራዬ ማት መቁረጥ ነው፣ ማት ማለት ስዕሉ ዙሪያ የሚገባው መሃሉ የተከፈተ ወፍራም ካርቶን ነው። አንድ ቀን ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ሴትዮ 18 ትንንሽ ህትመቶች ይዘው መጡ፣ ዣክ ካሎ የሚባል የሎሬን (ዛሬ ምስራቅ ፈረንሳይ ያለ አገር) ሰዓሊ የሰራው፣ እ.ኤ.አ. በ1633 የታተመው "የጦርነት መከራ" የሚባል ተከታታይ ስራ። ቫርኒሽ የተቀባ መዳብ ላይ በመርፌ ተጭሮ በአሲድ የተበላ ስራ ነው፣ እያንዳንዱ የደብዳቤ ፖስታ ቢያክል ነው፣ ግን ውስጡ ሰራዊት በሙሉ አለ።

ርዕሱ ካለበት ከመጀመሪያው በቀር ከየስዕሉ ስር ጎን ለጎን ሦስት ቦታ የተከፈለ የፈረንሳይኛ ግጥምና ቁጥር ነበር። እኔ ስዕሉ ብቻ ቢታይ ያምራል ብዬ የ17ቱንም ግጥም ሸፍኜ ቆረጥኩት። 11ኛው ላይ ግን እጄ ቆመ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ከሃያ በላይ ሰው ተሰቅሏል፣ ቄሱ መሰላል ላይ ወጥተው ተራው ለደረሰው መስቀል ያሳዩታል፣ እዛው ስር ሰዎች ከበሮ ላይ ዳይስ ይጥላሉ። ምስኪን ገበሬዎች ናቸው ብዬ አንጀቴ ተላወሰ።

ሴትዮዋ መጥተው ሲያዩት "ግጥሙስ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ገበሬዎች አይደሉም እኮ፣ ወታደሮች ናቸው፣ የሰቀላቸውም የገዛ ጦራቸው ነው" አሉ። ግጥሙ ሌቦች ይላቸዋል፣ እንደ ክፉ ፍሬ ተንጠለጠሉ ይላል። ቁጥሩን ስለሸፈንኩት ደግሞ ተራው ጠፍቶ ነበር፣ 2ኛው ላይ ተመዝግበው ወታደር ይሆናሉ፣ 5ኛው ላይ የገበሬ ቤት ገብተው ይዘርፋሉ፣ ከዛ ቅጣቱ ይመጣል፣ የተረፉት አካላቸው ጎድሎ መንገድ ዳር ይሞታሉ፣ 17ኛው ላይ ገበሬው ይበቀላቸዋል፣ መጨረሻ 18ኛው ላይ አለቃው ዙፋን ላይ ተቀምጦ ይሸልማል፣ ግጥሙም ክፉን የሚቀጣ ደግን የሚሸልም ብሎ ያወድሰዋል። ግጥሙ የካሎ አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው የጻፈው፣ እኔን ስዕሉ ነው የሚያሳምነኝ፣ ያ ሁሉ ሬሳ ካለፈ በኋላ ሽልማቱ አይታየኝም።

ደግነቱ ወረቀቱን አልነካሁትም። ጋሼ፣ የቤቱ ባለቤት፣ "ካርቶኑን ከደሞዝህ አልቆርጥም፣ ግን እስከ አርብ ድገመው" አሉኝ፣ ሦስት ማታ አምሽቼ መስኮቱን ወደ ታች እያሰፋሁ ደገምኩት።

ሴትዮዋ ሊወስዱ ሲመጡ 2ኛውንና 11ኛውን ጎን ለጎን አድርገው መስኮቱ ጋ ቆሙ። እኔም ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ፣ ሁለቱም ላይ ሰልፈኛው ጦሩን ሽቅብ አቁሞ ተደርድሯል።