አባቴ በጋቢና፦ ከፍሎረንስ እስከ ፒየንዛ የአንድ ቀን መንገድ

አባቴ ወደቡ እስከተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፣ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአዲስ አበባና በአሰብ መካከል የጭነት መኪና ነድተዋል። አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት እኛ ቤት «ኤንትሬ» እየተባለ እንደ ቤተ ዘመድ በሚጠራው ፊያት 682 ላይ ነው፤ መኪናው የተሠራበትን አገር ግን አይተውት አያውቁም ነበር። በጥቅምት ወር እኔን ሊጠይቁ ወደ ጀርመን በመጡ ጊዜ፣ ጣሊያንን ላሳያቸው እንደምፈልግ ነግሬ ምን ማየት እንደሚሹ ጠየቅኋቸው። ሮምን ወይም ቫቲካንን ይጠራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ከተማውንስ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ፤ መንገዱን አሳየኝ» አሉኝ። ዕድሜያቸው 78 ስለሆነና ጉልበታቸውም እንደ ድሮው ስላልሆነ፣ ከሾፌር ጋር አንድ መኪና ለአንድ ቀን ተከራይተን ከፍሎረንስ ወደ ደቡብ ለመውረድ ወሰንኩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የጣሊያን ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ራሴ ላለመንዳት የወሰንኩት ቀድሞ ከደረሰብኝ ነገር ተምሬ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በኪራይ መኪና ፍሎረንስ ገብቼ ነበር። የጣሊያን ታሪካዊ ከተሞች እምብርታቸውን «ዞና አ ትራፊኮ ሊሚታቶ» በሚሉት ደንብ ያጥራሉ፤ ፈቃድ የሌለው መኪና በተከለከለው ሰዓት በመግቢያው ካሜራ ሥር ካለፈ ሰሌዳው ይመዘገባል። እኔም ሆቴሌን ስፈልግ ሁለት ጊዜ አልፌ ኖሮ፣ ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤቴ ድረስ መጣ። አከራዩ ድርጅት ደግሞ ስሜንና አድራሻዬን ለከተማው አስተዳደር በማስተላለፉ ብቻ ለእያንዳንዱ ቅጣት የአገልግሎት ክፍያ ብሎ ለብቻው ቆረጠብኝ። ስለዚህ ነገር ውሉን ስፈርም አንድም ሰው አልነገረኝም፤ እስካሁንም ቅር ይለኛል።

ከሾፌር ጋር የሚሰጠው ኪራይ በአገሩ «ኖሌጆ ኮን ኮንዱቼንቴ» ይባላል። ከታክሲ የሚለየው ቆጣሪ ስለሌለውና ጎዳና ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ስለማይጠብቅ ነው፤ የሚሠራው በቀጠሮ ሲሆን ዋጋውም አስቀድሞ ይቆረጣል። ዋጋው ከአውቶቡስ ጉብኝት ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው፤ ሦስትና አራት ሆነው ቢካፈሉት ግን ይቀላል። ለመከራየት ለሚያስብ ሰው የምመክረው፣ ዋጋው ነዳጁን፣ የአውራ ጎዳናውን ክፍያ፣ የመኪና ማቆሚያውንና የከተማ መግቢያውን ይጨምር እንደሆነ፣ እንዲሁም ከተስማሙበት ሰዓት ያለፈው በስንት እንደሚታሰብ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ነው። በተጨማሪም ሾፌሩ አስጎብኚ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የአስጎብኚነት ፈቃድ ሌላ ስለሆነ፣ ሾፌሩ በመንገድ ላይ የሚያውቀውን ቢያጫውትም ሙዚየም ውስጥ ገብቶ አያስረዳም። እኔም ሲየና ላይ ለሁለት ሰዓት የሚሆን አስጎብኚ ለብቻ ቀጠርኩ።

ጠዋት ልክ በ2 ሰዓት ሾፌሩ ሆቴሉ በር ላይ ደረሰ። ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ የለበሰ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ለአባቴ የኋላውን በር ከፈተላቸው። እሳቸው ግን አመስግነው ወደ ፊት አለፉና፣ «እኔ ጋቢና ነው የምቀመጠው» አሉኝ። ልተረጉምለት አፌን ስከፍት ሰውየው «ካቢና!» ብሎ ቀደመኝና እየሳቀ የፊቱን በር ከፈተ። ከከተማው ወጥተን ወደ ሲየና የሚወስደውን ፈጣን መንገድ እስክንይዝ ድረስ ሁለቱ ያለ እኔ ተግባቡ። አባቴ «ፍሬን» ሲሉ እሱ «ፍሬኖ» ይላል፤ «ፍሪሲዮን» ሲሉ «ፍሪጺዮኔ»፣ «ኩሽኔታ» ሲሉ «ኩሺኔቶ» እያለ ይመልሳል። ጎማና ባሌስትራ ላይ ሲደርሱ ምንም የሚለወጥ ነገር አልነበረም። አባቴ እነዚህን ቃላት የለመዷቸው ከጦርነቱ በኋላ አዲስ አበባ ቀርተው ጋራዥ ከከፈቱ ጣሊያናውያን መካኒኮች ሥር ሲሠሩ ነው። ለእኔ ደግሞ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አማርኛ ነበሩ።

ቃላቱ ወደ እኛ የመጡበትን መንገድ ያነሣው ራሱ ሾፌሩ ነው። አያቱ በ1936 ወታደር ሆነው ኢትዮጵያ እንደነበሩና ስለዚያ ጊዜ በቤታቸው አንድም ቀን ተናግረው እንደማያውቁ ነገረን። ተረጎምኩላቸው። አባቴ ወደ መንገዱ እያዩ፣ «የእኔም አባት እዚያው ነበሩ፤ በወዲያኛው በኩል» አሉ። ይህንንም ተረጎምኩለት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ኪሎ ሜትሮች ማናችንም አልተናገርንም፤ ዝምታው ግን የጠብ ዝምታ አልነበረም።

እኔ ያወጣሁት ዕቅድ በአንድ ቀን አምስት ቦታ የሚያዳርስ ነበር። ሾፌሩ ወረቀቱን አይቶ፣ ሁሉንም ሊያደርሰን እንደሚችል፣ ነገር ግን ከመኪና በመውረድና በመግባት ብቻ ቀኑ እንደሚያልቅ በትሕትና አስረዳኝ። ስለዚህ 72 ከነበሩት የግንብ ማማዎቿ 14ቱ እስከ ዛሬ የቆሙባትን ሳን ጂሚኛኖን ተውን፤ ሞንቴፑልቻኖንም ተውን። አሁን ሳስበው አልቆጨኝም። ሲየና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ራሷን ከፍሎረንስ ለመከላከል በኮረብታ ላይ የሠራቻትን፣ ክብ ቅጥሯ ሳይፈርስ የቆየላትን ሞንቴሪጆኒን ግን ለሃያ ደቂቃ ያህል ቆመን አየናት።

ሲየና ስንደርስ ፈቃድ ያለው መኪና የመከራየት ጥቅም ጎልቶ ታየኝ፤ ሾፌሩ ወደ ካምፖ አደባባይ በጣም አቅርቦ ስላወረደን አባቴ ያን ሁሉ አቀበት በእግራቸው አልወጡም። አደባባዩ በቀይ ሸክላ ጡብ የተነጠፈ፣ እንደ ዛጎል ተዘርግቶ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያዘቀዝቅ ሲሆን፣ በነጭ ድንጋይ መስመር ለዘጠኝ ተከፍሏል። ዘጠኙ ክፍሎች ከ1287 እስከ 1355 ከተማይቱን ያስተዳደሩትን ዘጠኙን ሹማምንት ያስታውሳሉ። በየዓመቱ በጁላይና በኦገስት የከተማይቱ ሰፈሮች በፈረስ የሚወዳደሩትም እዚሁ ነው። አባቴ ጡቡ ላይ ቁጭ ብለው መዳፋቸውን አሳረፉበት፤ ፀሐዩ አሙቆት ነበር።

እኔ ግን ሲየና የመጣሁት ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ላለ አንድ ክፍል ነው። አምብሮጆ ሎሬንዜቲ የተባለው ሠዓሊ በ1338 እና በ1339 ዘጠኙ ሹማምንት የሚሰበሰቡበትን አዳራሽ ግድግዳ በመልካምና በክፉ አስተዳደር ሥዕል ሸፈነው። በረጅሙ ግድግዳ ላይ መልካም አስተዳደር ያላት ከተማ አለች፤ ግንበኞች ጣሪያ ላይ ይሠራሉ፣ ሴቶች ተያይዘው ይጨፍራሉ፣ ነጋዴው ሱቁን ከፍቷል፣ መምህሩ ያስተምራል። ከዚያ የከተማይቱ በር ይመጣል፤ ከበሩ ውጪ ያለው ገጠር ደግሞ የግድግዳውን ግማሽ ይዟል። እኔ ከዚህ ቀደም ይህን ሥዕል በመጽሐፍ ደጋግሜ አይቼው ዓይኔ ሁልጊዜ የሚያርፈው ከተማው ላይ ነበር። አባቴ ግን በቀጥታ ወደ በሩ ሄዱ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ከበሩ የሚወርደውን መንገድ በጣታቸው ከሩቅ እየተከተሉ፣ «ጭነት ወደ ውስጥ እየገባ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ባዶ እየተመለሱ ነው። ይኼ አሳማውን ለገበያ እየነዳ ነው። ድልድይም አላቸው» እያሉ እንደ ኬላ ጠባቂ ቆጠሩት። በእርግጥም ጆንያ የተጫኑ በቅሎዎች፣ አጫጆችና አውድማ ላይ የሚወቁ ገበሬዎች፣ ለአደን የሚወጡ ባለ ፈረሶች ሁሉም በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ አሉ።

ከበሩ በላይ ክንፍ ያላት ሴት በአየር ላይ ተንሳፍፋለች። በአንድ እጇ ሰው የተሰቀለበት ትንሽ የስቅላት ግንድ፣ በሌላው ደግሞ ጽሑፍ ያለበት ጥቅልል ይዛለች። ስሟ «ሴኩሪታስ» ነው፤ ደኅንነት ማለት ነው። አስጎብኚያችን ጽሑፉን አነበበችልን፤ ፍትሕ በሥልጣን ላይ እስካለች ድረስ «ሰው ሁሉ ያለ ፍርሃት በነጻነት ይጓዝ፤ እያንዳንዱም እየሠራ ይዝራ» ይላል። አባቴ ደግሜ እንድተረጉምላቸው ጠየቁኝ። ከዚያም ግንዱን እያዩ፣ «ይኼ የተሰቀለው ሽፍታ ነው?» አሉ። አስጎብኚዋ አዎን አለች። አባቴ በ1970ዎቹ በእኛ አቆጣጠር በአሰብ መንገድ ላይ ጓደኞቻቸውን አጥተዋል። መኪኖች ለቀናት ተደርድረው ወታደር እስኪያጅባቸው ይጠብቁ የነበረበትን፣ በኮንቮይ እንኳ ሲሄዱ ከፊት ያለው መኪና ሲቆም ልብ የሚቆምበትን ጊዜ ከእናቴ እንጂ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ጥቂቱን ነገሩኝ። የነገሩኝን እዚህ አልጽፈውም። ከፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ደግሞ የክፉ አስተዳደር ገጠር አለ፤ እርሻው ምድረ በዳ ሆኗል፣ በሩ ላይ የምትንሳፈፈውም ሰይፍ የያዘች «ፍርሃት» ናት። ሥዕሉ በዚያ በኩል ክፉኛ ተጎድቷል። አባቴ እሱን ብዙ አላዩትም።

ሠዓሊው ሥራውን ከጨረሰ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1348፣ «ጥቁር ሞት» የተባለው ወረርሽኝ ሲየና ገባ፤ እሱም በዚያው እንደሞተ ይታመናል። ከተማይቱ ካቴድራሏን በእጅጉ ለማስፋት የጀመረችው ሥራም ከዚያ በኋላ ተቋረጠ። ያልተጠናቀቀው የፊት ግድግዳ ዛሬም ጣሪያ ሳይኖረው ብቻውን ቆሟል፤ ወደ መኪናው ስንመለስ አየነው።

ከሲየና ወደ ደቡብ የያዝነው የካሲያን መንገድ ነው፤ ሮማውያን ያወጡት፣ በኋላም የሮም ተሳላሚዎች የተመላለሱበት ነው። የታረሰው የጭቃ ኮረብታ በጥቅምት አመድማ መልክ ይይዛል፤ በየጉብታው ላይ አንዳንድ የድንጋይ ቤትና የጥድ ረድፍ ይታያል። አባቴ በዚህ ሁሉ መሀል የሚያዩት ሾፌሩን ነበር። «ልብ ብለሃል? ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ነው የሚወርደው» አሉኝ፤ ከእሳቸው አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። ያን ስተረጉምለት ሰውየው ፊቱ በራ።

ስለ ድንጋይ ቤቶቹ ስጠይቀው፣ ወላጆቹ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የኖሩ የእኩል አራሾች እንደነበሩ ነገረን። ሥርዓቱ «ሜዛድሪያ» ይባላል፤ ቤቱና መሬቱ የባለርስት፣ ጉልበቱ የገበሬው ሲሆን፣ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። የቶስካና ገጠር ለዘመናት የኖረው እንዲህ ነው። አዲስ የእኩል ውል መዋዋል በሕግ የተከለከለው በ1964 ሲሆን፣ ገበሬዎቹ ግን ከዚያም በፊት መሬቱን እየለቀቁ ወደ ከተማና ወደ ፋብሪካ መፍለስ ጀምረው ነበር። ባዶ ከቀሩት ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ የእንግዳ ማረፊያዎች ናቸው። አያቴ በአርሲ ጭሰኛ ስለነበሩ አባቴ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም፤ «ዘሩንስ የሚያወጣው ማን ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ሾፌሩ በመልሱ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ፤ ዘሩም፣ ከብቱም፣ ዕዳውም እንዴት ይካፈል እንደነበር አንድ በአንድ ዘረዘረ። ያን መልክዓ ምድር ከዚያ በፊት በፖስታ ካርድ ላይ እንዳለ ውበት ብቻ አየው ነበር፤ እናቱ እዚያ ቤት ውስጥ ክረምቱን ያሳለፉ ሰው ሲናገር ከሰማሁ ወዲህ ግን እንደዚያ ማየት አልቻልኩም።

ፒየንዛ ትንሽ ናት። እዚያ በ1405 የተወለደ አንድ ልጅ የሮም ጳጳስ ፒዮስ ሁለተኛ ሆኖ ከ1459 ጀምሮ የትውልድ መንደሩን በርናርዶ ሮሴሊኖ በተባለው አርክቴክት አሠራና ስሟን በራሱ ስም ለወጠው። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ምሳችን የጾም ሆነ፤ እንቁላል እንዳልገባበት ጠይቀን፣ በዱቄትና በውኃ በእጅ ተድቦልቡሎ የሚሠራውን «ፒቺ» የተባለ ወፍራም ፓስታ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት በላን። ከካቴድራሉ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ሸለቆውንና የአሚያታን ተራራ እያየን ተቀመጥን።

ከፒየንዛ ስንወጣ ሾፌሩ አባቴን ዞር ብሎ አያቸውና ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ነጭ ጠጠር መንገድ ታጠፈ። ጎማው ጠጠሩን ሲነካ የተሰማውን ድምፅ ሰምተው አባቴ ቀና አሉ። «ይኼማ ፒስታ ነው!» አሉ። እነሱ «ስትራዳ ቢያንካ»፣ ነጭ መንገድ፣ ነው የሚሉት፤ ሾፌሩ ግን «ፒስታ» የሚለውን ቃል ስለሚያውቀው ራሱን ነቀነቀ። ወርደው ትንሽ ተራመዱ። ጫፉ ላይ ያለውን ቦይ፣ ውኃው የሚወርድበትን አቅጣጫ አዩ፤ አንድ ጠጠር አንሥተው በጣታቸው ፈተጉት፤ «በደንብ ተይዟል» ብለው ተመለሱ።

የተመለስነው ሚላንንና ኔፕልስን በሚያገናኘውና በ1964 በተጠናቀቀው አውራ ጎዳና ነው። ከተስማማንበት ሰዓት አርባ ደቂቃ አለፈን፤ በውሉ መሠረት የአንድ ሰዓት ጨምሬ ከፈልኩ። አባቴና ሾፌሩ ሲለያዩ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ።

አባቴ ዛሬም ደብተር ይይዛሉ። ቀኑን ሙሉ በየደረስንበት ወደ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አጎንበስ እያሉ ሲጽፉ አይቻቸዋለሁ። ማታ ሆቴል ገብተው ሲተኙ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። ሞንቴሪጆኒ፣ ሲየና፣ ፒየንዛ፣ እያንዳንዳቸው ከሰዓታቸውና ከኪሎ ሜትራቸው ጋር በዚያው በድሮው የእጅ ጽሕፈታቸው ሰፍረዋል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ፍሎረንስ፣ ማታ 12 ሰዓት ከ40፤ ድምር 268 ኪ.ሜ.፤ መንገዱ ሰላም።»