መባውን ትቶ የሚመለስ ሰው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመሥሪያ ቤታችን በአንድ ሪፖርት ውስጥ ከባድ ስሕተት ተገኘ። ቁጥሮቹን የሞላሁት እኔ ነበርኩ፤ ኃላፊያችን ግን ሪፖርቱን ያዘጋጀው አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ መስሎት በሁላችንም ፊት እርሱን ወቀሰው። እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ ዝም አልኩ። በዚያው ምሽት በጸሎት ጉባኤ ላይ ጸሎት የምመራበት ተራ ነበር፤ ስጸልይም ድምፄ ተቆራረጠ፣ ዕንባዬ ወረደ። ስንጨርስ አንዲት እናት እጄን ይዘው «ልጄ፣ ጸሎትህ ልቤን ነካው» አሉኝ። ያ ዕንባ የውሸት አልነበረም፤ እኔን የሚያስደነግጠኝም ይኸው ነው፤ በዚያ ሁሉ ልቅሶ መካከል ባልደረባዬ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም።

በወንጌል «ግብዝ» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል በቲያትር መድረክ ላይ የሚጫወት ተዋናይንም ያመለክታል። ስለዚህ ግብዝነት ሲነሣ የምናስበው ሌላውን ሆን ብሎ የሚያታልል ሰው ነው። ተዋናዩ ከተመልካቹ አስቀድሞ ራሱን ሊያሳምን እንደሚችል ግን እስከዚያ ምሽት ድረስ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከማቴዎስ ወንጌል 5፥23-24 መራቅ አልቻልኩም። መባህን በመሠዊያው ላይ ስታቀርብ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ካሰብህ፣ መባህን እዚያው ትተህ ሂድና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። እዚህ ላይ የተቀየመው ወንድሙ እንጂ መባ አቅራቢው አይደለም፤ እኔ በማንም ላይ ቂም የለኝም ብሎ ማለፍ አይቻልም ማለት ነው። ደግሞም ቃሉ የተነገረው በገሊላ ሲሆን መሠዊያው የነበረው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ነው። ቀናት በእግሩ ተጉዞ ከመሠዊያው ፊት የደረሰ ገሊላዊ፣ የበደለው ወንድሙ በመንደሩ ከቀረ፣ መሥዋዕቱን ትቶ ያንኑ መንገድ መመለስ፣ ከዚያም እንደገና መውጣት ይኖርበታል። አድማጮቹ በየበዓሉ የሚመላለሱበት መንገድ ነውና ድካሙን የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። የእኔ ባልደረባ ግን የሚቀመጠው ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቆ ነበር።

ሥርዓቱ በሕጉም ውስጥ የነበረ ነው። በዘሌዋውያን 6 ባልንጀራውን የበደለ ሰው መሥዋዕት ማቅረቡ ብቻ አይበቃውም፤ የወሰደውን መልሶ አምስተኛ እጅ ይጨምርበታል። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ያሰበው በሐሰት የከሰሳቸውን ሰዎች ነበር፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ።

ይህን ስል የሚታየውን አምልኮ ማቃለሌ አይደለም። ዳንኤል ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ መስኮቱን ከፍቶ በቀን 3 ጊዜ ይጸልይ ነበር፤ ንጉሡ በከለከለ ጊዜም አልዘጋውም። በኢሳይያስ 58 የተወቀሱትም ስለ ጾሙ አልነበረም፤ እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን ስላስጨነቁ ነው። ጾሙ፣ ስግደቱ፣ መዝሙሩ ይኑር፤ የበደልነውን ሰው የምንረሳበት መሸሸጊያ እንዳይሆነን ግን በእውነት እፈራለሁ።

ያን ነገር ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በእነዚያ ሳምንታት ሁለት ጊዜ ጸሎት መርቻለሁ፤ ይህን መጻፍ ዛሬም ይከብደኛል። በመጨረሻ ወደ ኃላፊያችን ገብቼ ስሕተቱ የእኔ እንደነበር ተናገርኩ፤ ወቀሳው በሁሉም ፊት ስለነበረ እውነቱም በሁሉም ፊት እንዲነገር ለመንሁ፤ በቀጣዩ ስብሰባም ቆሜ ተናገርኩ። ከዚያ ባልደረባዬን ለብቻው አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «በዚያ ቀን ባለቤቴ ስትጠይቀኝ፣ ስሕተቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነገርኳት» አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሱን ሲጠራጠር ኖሯል። በዚያ ምሽት ስለ ጸለይኩት ጸሎት አልነገርኩትም፤ ጥቅስም አልጠቀስኩለትም። ለባለቤቱ እውነቱን እኔው እንድነግራት እንዲፈቅድልኝ ብቻ ጠየቅሁት።