በሚዛን የተገዛ ባትሪ

ሐይቅ (ወሎ)፣ የካቲት 8

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ላይ ነበርኩ። የጀልባዬን የኤሌክትሪክ ሞተር ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ በፊላው ጥግ ጥግ እሄዳለሁ፤ ድምፁ ከፍሪጅ አይበልጥም። ከዳር አንዲት ሴት "ያችን ፍየል መልሳት፣ ጎመኑን ጨረሰችው!" ስትል ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ። በመካከላችን ሦስት መቶ ሜትር ይሆናል። በቤንዚኑ ሞተር ዘመን እንኳን የማላውቃትን ሴት፣ አጠገቤ የተቀመጠው አማቼ የሚለውንም አልሰማም ነበር። ፍየሏ ተመልሳ እንደሆነ አላየሁም። እኔ ግን ይህን ነገር ከመጀመሪያው ልጽፈው አሰብኩ።

ጀልባችን አራት ሜትር የምትሆን የፋይበር ጀልባ ናት። ግማሿ የእኔ፣ ግማሿ የአማቼ፣ የሚስቴ ወንድም፣ ናት። የትኛው ግማሽ የማን እንደሆነ የምንከራከረው ቀዳዳ ሲገኝ ብቻ ነው። በፊት ትንሽ የቤንዚን ሞተር ነበረቻት። ቤንዚን ለማግኘት ደሴ ድረስ ሄዶ መሰለፍ፣ ካልሆነም በየመንገዱ በሃይላንድ ከሚሸጠው በእጥፍ መግዛት ነበር። ሞተሯም እዚህ ትሰንፋለች። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚቀንስ፣ እኛ ጋ ሲደርስ አንድ አምስተኛውን መንገድ ላይ ጥሎ ይመጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ለእሱ ምጽዋም ሐይቅም አንድ ነው።

ታናሽ እህቴ ሚኒሶታ ናት። ለበዓል ስትመጣ "ምን ላምጣልህ?" ስትለኝ ሌላው ጫማ በሚጠይቅበት አፍ ሞተር ጠየቅኋት። ሳቀች። ከዚያ በቪዲዮ ሱቅ ውስጥ እየዞረች ታሳየኝ ጀመር። ያኔ ነው ነገሩ የፈረስ ጉልበት እንዳልሆነ የገባኝ። እነሱ የሚለኩት ግፊቱን ነው፣ ያውም በፓውንድ። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፦ ጀልባው ከነሰውና ከነዕቃው በሚመዝነው በእያንዳንዱ 50 ኪሎ 1 ኪሎ ያህል ግፊት ያስፈልጋል። ጀልባዋን፣ ሁለታችንን፣ ባትሪውን፣ መረቡን፣ አላህ ካለም አሳውን ደምረን 400 ኪሎ አልነው። ለዚያ 8 ኪሎ፣ በእነሱ 18 ፓውንድ ይበቃል። ይህ ግን ለረጋ ውሃ ነው። ከቀትር በኋላ ከተራራው የሚወርደውን ነፋስ የሚያውቅ ሰው እጥፍ ያደርገዋል።

አማቼ 80 ፓውንድ ካልሆነ አለ። እሱ ነገር ሲገዛ ከትልቁ ነው የሚጀምረው። ግን በ12 ቮልት ከሚሠሩት ጉልበተኛ የሚባለው 55 ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ሁለት ባትሪ አያይዞ 24 ቮልት ማድረግ ግድ ይላል። ሁለት ባትሪ ማለት ሌላ 30 ኪሎ ነው። በ45 ተስማማን። በእግር የሚነዳም ነበር፣ እኛ በእጅ የሚነዳውን ወሰድን። በሳተላይት እየተመራ ራሱን አንድ ቦታ ላይ ገትሮ የሚያቆምም አለ፤ ልቤ እዚያ ላይ ቀርቶ ነበር። ሐይቃችን ከ80 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ መሃል ላይ መልሕቅ የሚባል ነገር የለም፣ ገመዱ ራሱ አንድ ጆንያ ይሞላል። ዋጋውን ስሰማ ግን ልቤን መልሼ አመጣሁት።

የዘንጉን ርዝመት ግን ሳንለካ አልቀረንም፤ በዚህ እኮራለሁ። ውሃውን የሚገፋው ውልብልቢት ከውሃው ወለል አንድ ስንዝር ከምናምን ዝቅ ማለት አለበት፤ ካልሆነ ማዕበል ጀልባዋን ባነሳት ቁጥር አየር ይቀዝፋል።

ሞተሩ 10 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በሻንጣ መጣ። ባትሪውን ግን አውሮፕላን አይቀበለውም፤ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ለመንገደኛ ክልክል ነው፣ እኛ የሚያስፈልገን ከ1,200 ያልፋል። ስለዚህ ባትሪ ከዚሁ መፈለግ ሆነ።

ደሴ አንድ ሱቅ ገባን። የሶላር ባትሪ፣ ድፍን፣ ሆዱ ላይ 100 አምፔር-ሰዓት ይይዛል ተብሎ ተጽፎበታል። ባለ ሱቁ "ወላሂ ኦሪጅናል ነው" አለ። አማቼ በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ወጣ፣ ደስም አለው፦ "ቀላል ነው እኮ!" አለኝ። ያቺን ቃል አሁንም ሳስታውሳት ጥርሴን ያመኛል።

የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ማርሽ ከፍተን ወደ ማዶ ተነሳን። ሙሉ ማርሽ ማለት ሰው ፈጠን ብሎ ሲራመድ ማለት ነው፤ አማቼ ፊቱ ጠቆረ። መቅዘፊያውን ዳር ትተነዋል። "ሞተር ይዘን መቅዘፊያ? ሰው ይስቅብናል" ብሎ የተወው እሱ ነው፣ እሺ ያልኩት ደግሞ እኔ። ግማሽ ሰዓት ከሄድን በኋላ ድምፁ መውረድ ጀመረ፣ ልክ ወሬ እያወራ እንደሚያንቀላፋ ሰው። ጠፋ። ነፋሱ ደግሞ ተነሳ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ይሆናል፣ አንድ ሽማግሌ በታንኳቸው መጡ። እዚህ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ምንድን ነው የሚጠጣው ይሄ?"

"መብራት ነው አባባ።"

"መብራትማ ትናንት ማታ ጠፍቶ ነበር።"

"ባትሪው ውስጥ ይጠራቀማል።"

"እሱም ጠፋ በለኛ።" ገመዳቸውን ወረወሩልን። "አብሽር ልጄ፣ ያዝ።"

ፊላው ዳር ድረስ ጎተቱን። ሁለት ጎልማሳ፣ አንድ የአሜሪካ ሞተር፣ በአንድ የደንገል ታንኳ። ዳር ላይ የቆሙት ልጆች ያሉትን አልጽፈውም።

ባትሪውን ይዘን ወደ ሱቁ ተመለስን። ሰውዬው ደረሰኙን ገልብጦ አሳየን፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። አማቼ ሊጣላ ሲል እኔ ጎትቼ አወጣሁት። ከሱቁ ቀጥሎ ጤፍ የሚሸጡ ሴት አሉ፤ እንዲያው እልህ ይዞኝ "እትዬ፣ ሚዛንዎን ያበድሩኝ" አልኳቸው። ባትሪውን ከጤፉ አጠገብ ጫንነው። 18 ኪሎ። ሴትዮዋ ቁጥሩን አይተው "ስንት ነው ብሎ ሸጠላችሁ?" አሉኝ።

ነገሩ ወዲያው በራልኝ። የእርሳስ ባትሪ ጉልበቱ ውስጡ ያለው እርሳስ ነው። እውነተኛ 100 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 28፣ 30 ኪሎ ይመዝናል። ሆዱ ላይ የፈለጉትን መጻፍ ይቻላል፣ እርሳስ ግን በወረቀት አይሞላም። የመኪና ባትሪም ለዚህ አይሆንም። ሞተሪኖውን (የመኪናውን ሞተር የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር) ለማዞር ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል እንዲያወጣ ስለተሠራ ሳህኖቹ ስስ ናቸው፤ ሰዓታት ሙሉ ሲጠባ ቶሎ ይሞታል። እኛን የሚያስፈልገን ወፍራም ሳህን ያለው፣ ለረጅም ጊዜ በዝግታ የሚሰጥ ዓይነት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሴትዮዋን ሚዛን ተከራይቼ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። እውነቴን ነው። "ባትሪ በኪሎ አይሸጥም ወንድሜ" ያለኝ ነበር፤ ሚዛኑን ሲያይ "ሱቄን ልዘጋ ነው" ያለኝም ነበር። ሸዋ በር ግድም አንዱ ምንም ሳይል ራሱ አንስቶ ጫነልኝ፦ 29 ኪሎ ተኩል። ሳልከራከር ከፈልኩ። ያ 18 ኪሎው አሁን እናቴ ቤት አንድ አምፖል ያበራል። ለአምፖል ምንም አይልም።

ገመዱን የሠራልን ሐይቅ ከተማ ያለ ኤሌትራውቶ ወዳጄ ነው። ሞተሩን ገና ሲያየው "ይሄማ ሞተሪኖ ነው!" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከእውነት አልራቀም። በ1934 እ.ኤ.አ. ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ፋርጎ በሚባል ከተማ ኦ. ጂ. ሽሚት የሚባል ሰው ነው የፎርድ ሞዴል ኤ ሞተሪኖ ፈትቶ፣ ዘንግና ውልብልቢት አበጅቶ የዚህን ዓይነት ሞተር የመጀመሪያውን የሠራው። ሚን ኮታ የሚለው የሞተር ስምም ከሚኒሶታና ከዳኮታ የተቀነጨበ ነው። ይህን ስነግረው እጁን በጨርቅ እየጠረገ "እኛ ስንት ሞተሪኖ ጣልን!" አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ የሚሰማው ሁሉ ይበላዋል፤ የእኔ ጀልባ መለማመጃው ሆነችለት።

ባትሪው ከኋላ ሲሆን፣ እኔም ከኋላ ስቀመጥ፣ የጀልባዋ አፍንጫ ሰማይ ሰማይ ያያል። ስለዚህ ወደ ፊት ወሰድነው። ይህ ግን ገመዱን ያረዝመዋል፤ ቀጭን ገመድ ደግሞ በመንገድ ላይ ቮልቱን ይበላል፣ ይሞቃልም። ወዳጄ የብየዳ ማሽን ገመድ አምጥቶ ዘረጋልኝ፣ ጣት የሚያህል። በባትሪው አጠገብ ፕላሱ ላይ 50 አምፔር ፊውዝ አደረገ። ከዚያ በመለኪያው ያዘው፦ ሙሉ ማርሽ ላይ 42 አምፔር፣ ሁለተኛ ላይ 14።

እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። የእርሳስ ባትሪን ከግማሽ በታች ካወረዱት ዕድሜው ያጥራል፣ ስለዚህ ካለኝ 100 የምጠቀመው 50ውን ነው። ሙሉ ማርሽ ከሄድኩ አንድ ሰዓት ከትንሽ፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በሁለተኛው ግን ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ። ያው ባትሪ! ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ውሃው የሚጠይቀው ኃይል ዝም ብሎ እጥፍ አይደለም፣ ስምንት እጥፍ ያህል ነው። ለአማቼ ይህን በወረቀት ጽፌ አሳየሁት። አየና "ታዲያ 80 ብንገዛ ኖሮ?" አለኝ። ወረቀቱን አጠፍኩት።

አሁን ስወጣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ትንሽ አሳርፌ ቮልቱን አያለሁ። ሙሉ ሲሆን 12.7 ነው። 12.4 ሲል አፍንጫዋን ወደ ቤት አዞራለሁ፣ አሳው ቢነክስም ባይነክስም። መቅዘፊያውም ከጀልባዋ አይወርድም።

ያስቸገረኝ ሌላው ነገር ክር ነው። የተበጠሰ የናይለን መረብ ፊላው ውስጥ ሞልቷል። ባለፈው ወር ሞተሩ ሲያጉረመርም ሰምቼ አነሳሁት፤ ውጪው ንጹሕ ነው። ቤት ወስጄ ዳዶውን በፒንሳ ፈትቼ ውልብልቢቱን ሳወጣው፣ ከኋላው ዘንጉ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ክር ተጠምጥሞ፣ በሙቀት እንደ ሻማ ተጣብቋል። በቢላዋ ጫፍ እየፋቅሁ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ትንሽ ቢቆይ የውሃ መከላከያውን ጎማ ይቆርጠውና ውሃ ሞተሩ ውስጥ ይገባ ነበር። ውልብልቢቱን የሚይዘው ሚጢጢ ፒንም ተጣሟል፤ እሱ እንዲሰበር ታስቦ ነው የተሠራው፣ ሌላው እንዲተርፍ። አሁን ኪሴ ውስጥ ሁለት ትርፍ አለኝ።

ቻርጅ የማደርገው እናቴ ቤት ነው፤ ባዶውን ማሳደር ባትሪውን ስለሚጎዳው በዚያው ማታ እሰካለሁ። መጀመሪያ ጓዳ አስቀምጬው ነበር። ባትሪ ሲሞላ የሚቃጠል ጋዝ ሊያወጣ እንደሚችል ስነግራት፣ እናቴ ረከቦቱን አየች፣ ከሰሉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አሁን በረንዳ ላይ ነው፣ ጀበናና ባትሪ ተለያይተዋል። ጾሙ ሲገባ አሳ ገበያው እንደሚደራ ታውቃለች፤ እሷ ግን አሳን ከጾም ምግብ አትቆጥርም፣ የያዝኩትን ሁሉ ለጎረቤት ታድላለች። ቀረሶ የሚባለው አሳ እዚህ ሐይቅ ውስጥ የተጨመረው እንደ ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ መጨረሻ መሆኑን ስነግራት "እኔ ሳልጠየቅ" ብላ ሳቀችብኝ።

ዛሬ ወደ ስምንት ሰዓት ላይ ነፋሱ ተነሳ። ቮልቱ 12.5 ነበር፤ ለመመለስ ከበቂ በላይ ነው። ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል ታንኳ ሲታገል አየሁ። አባባ ናቸው። ተጠግቼ ገመድ ወረወርኩላቸው።

"አባባ፣ ዛሬስ ተራው የእኔ ነው። ይያዙ።"

ያዙ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ቀስ ብዬ መጎተት ጀመርኩ። እሳቸው ትንሽ ተቀምጠው አዩኝ፣ ዳሩን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩኝ። ከዚያ መቅዘፊያቸውን አነሱ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ገመዱ ላልቶ ውሃ ላይ ተንሳፈፈ፤ ቀና ስል አባባ ከጎኔ ደርሰዋል፣ ሊያልፉኝ ነው።