ሰሜን በኩል ያለው መስኮት

ግንቦት ከገባ ወዲህ ከፀሐይ ጋር ድብብቆሽ ይዘናል።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ስቱዲዮ ላደርጋት ስነሳ፣ የሰሜኑን ግድግዳ አስፈርሼ ትልቅ መስኮት አስወጣሁ። ከተማሪነቴ ጀምሮ ያነበብኩት ሁሉ ሠዓሊ የሰሜን ብርሃን ይፈልግ ይል ነበር። ፀሐይ በቀጥታ አትገባም፣ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም። እውነት ነው፤ ለአውሮፓ። ሐዋሳ ግን ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በሰሜን በኩል ነች። እኩለ ቀን ላይ የጣሪያው ክፈፍ ይከልልልኛል። ጠዋትና ከሰዓት ግን በአግድም ትገባና የምስለውን ሰው ጉንጭ ለሁለት ትከፍለዋለች። ይህ የገባኝ ግንበኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነው።

እኔ ሰው ነው የምስለው። እዚህ ከተማ ሠዓሊ ነኝ ስትል የመጀመሪያው ጥያቄ «ሐይቁን አትስልም?» ነው። ሐይቁ፣ ጀልባው፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የሚጠብቀው ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ ደህና ይሸጣሉ። ኪሴ ሲሳሳ ደግሞ ሙሽሮችን ከስልክ ፎቶ ላይ እስላለሁ። ስለሱ ባላወራ ይሻላል።

ሰሞኑን የምስላት አክስቴን ነው። ከይርጋለም ልትጠይቀን መጥታ ሦስት ሳምንት ልትቆይ ነው። ሠዓሊው ታደሰ መስፍን የሚስላቸው የገበያ ሴቶች እንደ ዓምድ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አክስቴ ግን ሥራ ፈታ መቀመጥ አትችልም። ስለዚህ ሰፌድ ሰጠኋት፤ ምስር ትለቅማለች። እጇ ሥራ ሲይዝ ፊቷ የሚሳል መሆኑን ይረሳዋል። እኔ የምፈልገው ያንን ፊት ነው።

ጀማሪ እያለሁ ለጠይም ፊት ቡኒውን ከቱቦ እጨምቅ ነበር። ለጥላው ጥቁር። የምስለው ሰው ሁሉ ከሰል ሲጭን የዋለ ይመስል ነበር። አሁን ጥቁር ቀለም የሚባል አልገዛም። በርንት ሲየና የሚባለው ቀይማ ቡኒና አልትራማሪን ሰማያዊ ሲደባለቁ ከጥቁሩ የጠለቀ ነገር ይሰጣሉ፤ ወደ ሞቃቱም ወደ ቀዝቃዛውም መጎተት ይቻላል። የአክስቴን ግንባር ልብ ብላችሁ ብታዩት ጠይም አይደለም። ሰማዩ ስላረፈበት ወደ አመድማ ሰማያዊ ይሄዳል። ጆሮዋ ጫፍ ላይ ቀይ አለ። አገጯ ሥር ደግሞ የነጠላዋ ንጣት መልሶ ይበራል። ሦስት ቀን የፈጀሁት በዚያች ግንባር ላይ ነው።

ሸራውን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። የተሰናዳው ውድ ነው፤ ባለፈው የገዛሁት ደግሞ ገና ስወጥረው ልባሱ ተሰነጣጠቀ። አቡጀዲ ገዝቼ እንጨት ላይ እወጥራለሁ። ቀጠን ያለ ኮላ፣ ከዚያ ሁለት እጅ ነጭ ልባስ። ይህ ካልተደረገ የተልባው ዘይት ጨርቁ ውስጥ ይሰርግና ውሎ አድሮ ያበሰብሰዋል። ብሩሽ የጠረግኩበትን ጨርቅ ውኃ ባለበት የድልህ ጣሳ ውስጥ ነው የምከተው። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተተወ ራሱን አግሎ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ባለቤቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ማታ ማታ ጣሳውን ሄዳ ታየዋለች። የቀለም ማቅጠኛውን የአኳራጁን ሽታ ግን እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

በአራተኛው ቀን ፀሐይዋ እንደልማዷ አክስቴ ጉንጭ ላይ ወጣች። ብሩሼን ጥዬ ተነፈስኩ።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ጨርቅ እንጨት ላይ ስትወጥር መጋረጃ የሚባል ነገር አልሰማህም?» አለችኝ። ሰፌዱን አስቀመጠች። ለሚቀጥለው ሥዕል ያስቀመጥኩትን አቡጀዲ አንስታ በልብስ መቆንጠጫ መስኮቱ ላይ ሰቀለችው። ክፍሉ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ሁለት ዓመት መጽሐፍ ሳገላብጥ ያላገኘሁት!

ጉዱ የመጣው ስትቀመጥ ነው። ግንባሯ ላይ ሰማያዊ የሚባል የለም። ሰማዩ ተጋርዷል፤ ፊቷ በሙሉ ሞቅ ብሏል። ሦስት ቀን የደከምኩበትን በስፓቱላ ልጬ አወረድኩት። አክስቴ ዝም ብላ አየችኝ። እንደ አዲስ ስጀምር እስከ ማታ ግንባሩ አለቀልኝ፤ ጉንጩም መጣ።

ጠዋት ስገባ ጉንጩ ላይ ትንኝ ተጣብቃለች። የሐይቁ ትንኝ መቼም የሐዋሳ ሰው ያውቃታል። የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ውኃ ተንኖ ሳይሆን ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ ቀናት ይፈልጋል። እስከዚያ ያረፈበትን ሁሉ ይይዛል። በወረንጦ ሳነሳት አንድ እግሯ ቀረ። ጎንበስ ብዬ እሱን ስታገል አክስቴ ከኋላዬ መጣች።

«ተዋት» አለች። «እኔንም ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ጋ ስትበላኝ ነው ያደረችው።»