ቦታውን የማይለቅ ፒክ

ጀርመን አንድ ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ ስሠራ የገጠመንን ልንገራችሁ፣ ዳይኤሌክትሪክ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር ለኤሌክትሪክ መስክ የሚሰጠውን ምላሽ) የምትለኩ ልጆች በተለይ ስሙኝ። የምንለካው ሩቢዲየምና አሞኒየም የተቀላቀሉበት የፎስፌት ክሪስታል ነበር። የሩቢዲየሙ ለብቻው 146 ኬልቪን ላይ ፌሮኤሌክትሪክ ይሆናል (ዳይፖሎቹ፣ ማለትም ጥቃቅን የፕላስና የማይነስ ጥንዶቹ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ)፣ የአሞኒየሙ ደግሞ 148 ላይ አንቲፌሮኤሌክትሪክ (በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ ይሰለፋሉ)፣ በሚሆን መጠን ስትቀላቅላቸው ግን አንዱንም አይሆንም፤ ሃይድሮጅን ቦንዱ ላይ ያሉትን ፕሮቶኖች አንዱ ጎረቤት ወዲህ ሌላው ወዲያ ሲጎትታቸው ሳይሰለፉ እንደተዘበራረቁ ቀስ በቀስ ይፈዛሉ፣ ማለትም ባሉበት ይቆማሉ። ዳይፖል ግላስ የሚሉት ይሄን ነው፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፊዚክስ ተመራማሪው ኤሪክ ኩርተንስ የሠራበት። አተሞቹ በሥርዓት ተደርድረው ፕሮቶኖቹ ብቻ እንደ ብርጭቆ መሆናቸው እስካሁን ይገርመኛል።

አንድ ቀን የዶክትሬት ተማሪያችን ግራፍ ይዞ እየሮጠ መጣ፣ 1 ኪሎኸርዝ ላይ ካፓሲታንሱ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) ድንገት ወርዷል፣ ሎሱ (የሚባክነው ኃይል) ላይም ሹል ፒክ፣ ማለትም ጫፍ፣ አለ፣ «አገኘሁት፣ እዚህ ጋ ነው የሚፈዘው» ይላል። በጣም የለፋ ልጅ ነው። አንጋፋው ቴክኒሻናችን ግራፉን አየት አደረገና «ሌሎቹ ፍሪኩዌንሲዎችስ?» ብቻ አለው። ግራፎቹ ሲደራረቡ ከ100 ኸርዝ እስከ 1 ሜጋኸርዝ ሁሉም እዛው አንድ ሙቀት ላይ ነው የወረዱት።

ይሄ የዳይፖል ሥራ ሊሆን አይችልም! ዳይፖሎቹ እየቀዘቀዙ ሲሄዱ ይዘገያሉ፣ የምንሰጣቸው ኤሌክትሪክ መስክ በ1 ሜጋኸርዝ በፍጥነት ስለሚገለባበጥ ገና ሞቅ እያለ ያመልጣቸዋል፣ 100 ኸርዝን ግን ብዙ ዝቅ እስኪል ድረስ ይከተሉታል፣ ስለዚህ ፒኩ ከፍሪኩዌንሲው ጋር የግድ ቦታ መቀየር አለበት።

ሳምፕሉን አውጥተን በማይክሮስኮፕ ስናየው ክሪስታሉ ላይ የቀባነው የብር ቀለም ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩ የሚገባበት ሽፋን) ሽቦው ከተለጠፈበት አጠገብ ተሰንጥቋል፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ። ቀለሙና ክሪስታሉ ሲቀዘቅዙ እኩል አይኮማተሩም፣ ከኤሌክትሮዱ የተወሰነው ከሽቦው ሲቆረጥ ካፓሲታንሱም በዛው ልክ ወደቀ።

ቀለሙን ጠርገን ወርቅ በቫክዩም አስቀባነው፣ ቀስ ብለንም አቀዘቀዝነው። አሁን ያ ደረጃ የመሰለ ነገር የለም፣ ሙቀቱ በጣም ዝቅ ሲል የየፍሪኩዌንሲው መስመሮች አንድ በአንድ ተለያዩ፣ መጀመሪያ 1 ሜጋኸርዙ ጎበጠ፣ 100 ኸርዙ መጨረሻ። ልጁ የፒኮቹን ሙቀት ሰብስቦ ሲስለው የአሬኒየስ ቀመር የሚሰጠው ቀጥ ያለ መስመር አልሆነም፣ ታጠፈ፣ ለግላስ የሚሠራው የቮገል ፉልቸር ቀመር እንደሚለው። አሁን ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም፣ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ነው የሚለካው።