የሙሽራው ጫማ የት ገባ?

የሐበሻ ሠርግን የሚያህል ድምቀት የለም እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ድምቀቱ እውነት ነው። በሳቅ ግን ፓኪስታኖች ይበልጡናል፤ ይህን ሳልፈራ እናገራለሁ።

የምኖረው በርሚንግሃም፣ ስፓርክሂል ነው። ከጎረቤቶቼ ብዙዎቹ የአያቶቻቸው አገር ፓኪስታን በምታስተዳድረው ካሽሚር ያለችው ሚርፑር ነች። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ እዚያ የማንግላ ግድብ ሲሠራ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። ከእነሱም ብዙዎቹ እንግሊዝ ገቡ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ እንግሊዝኛውን የሚያወሩት እንደ በርሚንግሃም ልጅ ነው። ሠርግ ሲመጣ ግን የአያቶቹ ወግ አንድም አይቀርም።

ነገሩ በአንድ ቀን አያልቅም። ሜህንዲ የሚባል የሂና ማታ አለ፣ ኒካህ (የጋብቻው ውል) እና ባራት (የሙሽራው ወገን አጅቦት የሚመጣበት) አለ፣ ዋሊማ የሚባል የሙሽራው ወገን ግብዣ አለ። በሜህንዲው ማታ የሁለቱም ወገን ሴቶች ከበሮ ይዘው በዘፈን ይሰዳደባሉ። የሙሽራው አጎት ሆዳም ነው፣ እናቱ ቋጣሪ ነች ይባላል። የተሰደበችው እናት እዚያው ተቀምጣ ታጨበጭባለች! ከዚያ ዘመድ ሁሉ በተራ እየመጣ ሙሽሮቹን በእጁ ጣፋጭ ያጎርሳቸዋል። ሙሽራው ያጎረሱትን ሳይውጥ ሌላ አክስት ደርሳ "ይቺን ብቻ" ትለዋለች። ጉርሻ እምቢ እንደማይባል ደግሞ እኛም እናውቃለን።

ካርዱ ላይ ምሽት 12 ሰዓት ይላል። ሰዉ የሚመጣው 3 ሰዓት አካባቢ ነው። ባጂ (ታላቅ እህቴ እንደማለት ነው) የምላት ጎረቤቴ "ቤትሽ በልተሽ ነይ" ብላ የመከረችኝ ለዚህ ነው። ላሆር ባለችበት በፓኪስታኗ ፑንጃብ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሕግ አለ። ሠርግ ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ወጡም አንድ ዓይነት ብቻ ነው። በርሚንግሃም ያ ሕግ የለም። እናቶቹም ይህን በደንብ ያውቃሉ።

እኔ ከሁሉም የምወደው የጫማውን ነገር ነው። ሙሽራው መድረክ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ የሙሽሪት እህቶችና የአክስት ልጆች ይሰርቁታል። ከዚያ ድርድር ነው። ባለፈው ክረምት በሄድኩበት ሠርግ እህቶቹ ሺህ ፓውንድ ጠየቁ። ሚዜዎቹ አምስት ፓውንድ አሉ። አዳራሹ በጩኸት ተሞላ። የሙሽራው ወንድም ከረጢት ሙሉ ሳንቲም አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። አንዲት ትንሽ ልጅ የስልኳን ካልኩሌተር ከፍታ የእያንዳንዷን ድርሻ ማስላት ጀመረች። አንዱ ሚዜ ትርፍ ጫማ መኪና ውስጥ ደብቆ ነበር፤ ለካ እሱንም ቀድመው ሰርቀውታል። ሲስማሙ ደግሞ ለውዝ የተበተነበት፣ ያጌጠ የወተት ብርጭቆ መጣ። ሙሽራው ወተቱን ለመጠጣትም ይከፍላል።

መጨረሻ ላይ ሩክሳቲ አለ። ሙሽሪት የምትሸኝበት ሰዓት ነው። ከራሷ በላይ ቁርኣን ተይዞላት በሥሩ ታልፋለች። ቅድም "ሺህ ፓውንድ!" እያለች የምትጮኸው እህት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ አየኋት። የጫማው ጨዋታ ያኔ ይበልጥ ደስ አለኝ። እህታቸውን ሊወስድ የመጣውን ሰው እንዲያው በነፃ አይለቁትም። እኛስ ሰርገኛ አናስገባም ብለን በር የምንይዘው ለዚሁ አይደል? ቤተሰብ የሆድ የሆዱን በጨዋታ ይወጣል፤ በዚያው ከአማቾቹ ጋር ይለማመዳል። ይህን ወግ እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች በፍቅር መያዛቸው በጣም ደስ ይለኛል።

ሙሽራው ግን በዚህ አልተገላገለም። ቤቱ ሲደርስ የገዛ እህቶቹ በር ላይ ተደርድረው ጠበቁት። ካልከፈለ አይገባም። ኪሱን ገልብጦ ባዶ መሆኑን አሳያቸው። ታላቅ እህቱ ስልኳን አወጣችና "በባንክ ላክልን" አለችው። ላከላቸውና ገባ።