ከዕቃው በፊት ደብተሩን መግዛት ነበረብኝ

ቤት ውስጥ ስፖርት ልጀምር ስል መጀመሪያ ያደረግኩት ዕቃ መግዛት ነበር። አንድ የሆድ መሥሪያ ማሽን፣ ሁለት ባለ 3 ኪሎ ዳምቤል (በእጅ የሚነሳ ክብደት)። ማሽኑ የሚያሠራው አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ዳምቤሎቹ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ቀለሉኝ። እኔ ግን ያንኑ ክብደት፣ ያንኑ ያህል ጊዜ ማንሳቴን ቀጠልኩ። ላቤ ይወርዳል፣ ይደክመኛል፤ ጉልበቴ ግን ካለበት ፈቀቅ አላለም።

ነገሩ የገባኝ ስለ ቶማስ ዴሎርም ሳነብ ነው። በ1940ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተጎዱ ወታደሮች ብረት እያነሱ እንዲያገግሙ ያደረገ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በሽተኛው 10 ጊዜ ብቻ ሊያነሳው የሚችለውን ክብደት ይፈልጋል፤ ጉልበቱ ሲጨምር ክብደቱንም ይጨምርበታል። ጡንቻ ከለመደው በላይ ሥራ ካልተሰጠው የሚጠነክርበት ምክንያት የለውም። እኔ ለወራት የለመደውን ነበር የምሰጠው።

ስለዚህ ደብተር ገዛሁ። እስካሁን ከገዛሁት ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። ቀኑን፣ እንቅስቃሴውን፣ ክብደቱንና በየዙሩ ስንት ጊዜ እንደሠራሁ እጽፋለሁ። ሦስት ዙር፣ በዙር 8 ጊዜ ብዬ እጀምራለሁ። ሦስቱንም ዙር 12 ስሞላ ክብደት ጨምሬ ወደ 8 እመለሳለሁ።

ክብደቱ ከየት ይምጣ? ከጀርባ ቦርሳ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሒሳቡ አያስቸግርም። ጠርሙሶቹን በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳውን ጥብቅ አድርጌ አስረዋለሁ፤ ካልጠበቀ ፑሽ አፕ ስሠራ ወደ አንገቴ ይንሸራተታል። ክብደት መጨመር ባልቻልኩበት ጊዜ አወራረዴን አዘገያለሁ፦ ለመውረድ ሦስት ሰከንድ፣ ታች ላይ ትንሽ ቆም፣ ከዚያ መነሳት። ስኳት (ቁጭ ብድግ) ሲቀለኝ አንድ እግሬን ከኋላ ወንበር ላይ አድርጌ በሌላው ብቻ መሥራት ጀመርኩ። ያለ ምንም ክብደት 8 ጊዜ መሙላት አቃተኝ።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነው። ቤት ውስጥ መግፋት ቀላል ነው፤ ወለል ካለ ይበቃል። መሳብ ግን የሚሳብ ነገር ይፈልጋል። እኔ ለአራት ወር ፑሽ አፕ ብቻ እየሠራሁ ጀርባዬን ጭራሽ ረሳሁት። ትከሻዬ ከፊት በኩል ማመም ጀመረ። ለተወሰነ ጊዜ መግፋቱን ቀነስኩና አንድ ዙር ስገፋ ሁለት ዙር እየሳብኩ ቀስ በቀስ ተሻለኝ። አሁን ሰው ምን ልግዛ ብሎ ከጠየቀኝ መልሴ አንድ ነው፤ መጀመሪያ የሚሳብ ነገር ግዙ። የመለጠጫ ላስቲክ ወይም በር ላይ የሚገጠም የፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳቢያ) ብረት።

ላስቲኩን በር ላይ ስታስሩ ስትስቡት በሩ የሚዘጋበት ጎን ላይ ቁሙ፤ በሩ ወደ እናንተ የሚከፈት ከሆነ አደጋ ነው። ከመጀመራችሁ በፊትም ላስቲኩ የተሰነጠቀ ቦታ እንዳለው እዩት። የእኔ አንድ ቀን ተበጥሶ እጄን መታኝ፤ ፊቴን ቢያገኘው ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር።

ፑል አፕ አንድም አልችልም ነበር። ወንበር ላይ ቆሜ አገጬን ከብረቱ በላይ አድርጌ በአምስት ሰከንድ ቀስ ብዬ መውረድ ብቻ ተለማመድኩ። የመጀመሪያዋን በራሴ ጉልበት የሠራሁት በአሥረኛው ሳምንት ነው። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ስልኬም እንደ አሠልጣኝ አገልግሎኛል። ከጎን አስቀምጬ ራሴን ስቀርጽ ቦርሳውን ከመሬት ሳነሳ ወገቤ እንደሚጎብጥ አየሁ። ቀጥ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ሰሌዳው (ጫፉ ላይ የሚገባው የክብደት ብረት) የሚቀያየር ዳምቤል የገዛሁት ከዓመት በኋላ ነው። ስትገዙ ትልቁን ክብደት ሳይሆን ትንሿን ሰሌዳ እዩ። ከ10 ኪሎ ወደ 12.5 መዝለል ሩብ ያህል ጭማሪ ነው፤ ለትከሻ ይከብዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ይመክራል። እኔ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እሠራለሁ። የሰኞው ገጽ ላይ ፑል አፕ 6፣ 5፣ 5 ይላል። ረቡዕ 6፣ 6፣ 5 ልጽፍበት ነው።